ሽማግሌ የዋጠ ሣር
ልጄን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። የጂንካው ቤቴ ጠባብ ስለሆነ ደጅ ሣሩ ላይ ላስቀምጣቸው አሰብኩ፤ ሣሩ ግን ጉብታና ጉድጓድ ነው። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ፣ ከአቅራቢያችን ከገዘር ከተማ የመጡ ሣር ተካይ ጉብታውን ቆርጠው፣ ጉድጓዱን በአፈር ሞልተው፣ ሣሩን መልሰው አለበሱልኝ። «ልጄ፣ ውሃ ጠጥቶ እስኪጠነክር ሳምንት ሰው እንዳይቀመጥበት» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በማግስቱ ነው። «እኔ የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነኝ፤ ስለ መሬት እኔን ያስተምሩኛል?» ብዬ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ፣ አንድ ወፍራም የቀይ አፈር ከተማ ነጋዴ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተመቻችተው «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ሳይጨርሱ የወንበሩ የኋላ እግሮች መሬት ውስጥ ሰመጡ። ሰውየው ተንጋለሉ፤ ጫማቸው ብቻ ወደ ሰማይ ቀረ። ሮጬ እጃቸውን ስጎትት ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «አቶ ጌታቸው፣ እኛ ልንዛመድ መጣን እንጂ ልንቀበር አልመጣንም» አሉኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ከሁሉም በላይ የሳቀችው ልጄ ናት።

እኔ እንደ ወጉ ኮራ ብዬ፣ «እናስብበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ልል ተዘጋጅቼ ነበር። የሰውየውን ኮት ጀርባ አፈር እያራገፍኩ በምን አፌ ልኩራ? እዚያው እንደቆምኩ «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» አልኩ።