እንግዳን የማይቆጥር ሂሳብ

መቀሌ አጠገብ ቁሓ ላይ ታክሲ ስጠብቅ አቦይ ገብረዝጊ ከሚያከራዩት ቤት ደጃፍ ጠሩኝ። ግንበኛቸው መሰላል ላይ ቆሞ ከመስኮቶቹ በላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ሊደፍን ነበር።

«ከመይ ውዒልኪ፣ ጓለይ! የቤት አየር የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽ? ነይ እይልኝ። ተከራይ በአቧራ ተማሯል።»

«ይደፈኑ ያለው ማነው?»

«የወንድሜ ልጅ አምሃ፣ ኢንጂነሩ። በኮምፒውተር አስልቶ ለሁለት ሰው መስኮቱ ይበቃል ብሏል።»

ተከራይዋ ኡሙሀኒ ሕፃን አዝላ በር ላይ ቆማለች። የወሎ ሰው ናት፤ ገበያ ላይ ልብስ ትሸጣለች።

«ስንት ናችሁ?» አልኳት።

«እኔና ባሌ ዛሂድ፣ ሁለት።»

«የታዘለውስ?»

«እሱ ደግሞ ሰው ሆነና!» ብላ ሳቀች።

«ትናንት ማታስ ማን አደረ?»

«እህቴ ከነልጆቿ። እነሱማ እንግዳ ናቸው።»

አቦይ ተቆጡ። «እንግዳ ይቆጠራል እንዴ? ዘመድ የሚቆጥር ገብጋባ ነው!»

«ሳንባ ይሉኝታ አያውቅም፣ አቦይ።»

«አምሃን ያስተማራችሁት እናንተ አይደላችሁ?»

«እኛ ነን፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው! አንድ ቁጥር ይዞ ሄደ። ሁልጊዜ በዚያ ቁጥር የሚያድር የለም። አንድ ማታ ሁለት ሰው፣ ሌላ ማታ ሰባት። አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ ሌላው ሌባ ፈርቶ ይዘጋል። ሲበርድ ከሰል ይገባል። አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ሂሳቡም ይህን አለማወቅ ይዞ መነሳት አለበት። እንደ ዕጣ እያወጣ ሺህ ዓይነት ሌሊት ያስላ፤ ከሺው ስንቱ እንደሚያፍን ይንገረን።»

«አንድ ሌሊት ቢያፍንስ? በዓመት አንዴ ነው!»

ድምፄ ከፍ እንዳይል ጥርሴን ነከስሁ።

«ባለቤቴ የሞተው በዚያች አንድ ሌሊት ነው። ለቅሶ ሄዶ ዘመድ ቤት አደረ። ከሰል ነበር፤ መስኮቱ ተዘግቷል። ቤቱ በሂሳብ ይበቃ ነበር። እሱ ግን እንግዳ ነው፤ አልተቆጠረም።»

አቦይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አቧራውስ?» አሉ በዝግታ።

«ቀዳዳዎቹ ላይ ጥሩ ወንፊት ይወጠር። ከሰሉም ውጭ ይቅር።»

ላልታወቀው ሌሊት የተሠራ ቤት ብዙ ወጪ የለውም። ሕፃኑ ሳይታፈን ይተኛል፣ የመጣው ዘመድም ጠዋት ተነስቶ ይሄዳል። ከዚህ የሚበልጥ መስተንግዶ አላውቅም።

አቦይ ወደ ኡሙሀኒ ዞሩ። «ዛሬ ማታስ ስንት ትሆናላችሁ?»

«ምን አውቃለሁ፣ አባባ? እንግዳ አላህ ሲያመጣው ነው።»

«ሰማህ፣ ወደይ?» አሉ መሰላሉ ላይ ወዳለው ግንበኛ ቀና ብለው። «ሲሚንቶውን ተወውና አንድ ቀዳዳ ጨምር።»