አጭሯ ማርሽ

(በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ። ሹፌሩ እንዳላማው ደብሩ ለሽያጭ ካቀረባት አሮጌ ፎር ዊል መኪና ሥር ወጥቶ ልብሱን ያራግፋል፤ የነፍስ አባቱ ቄስ ልሳነወርቅ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል።)

እንዳላማው፦ አባ፣ ይቺን ነው በዚያ ዋጋ የጠሩልኝ? ይቺ እኮ መኪና አይደለችም፤ የመኪና ሙት ዓመት ናት።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ዋጋውን ጠዋት ነግሬሃለሁ። ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም።

እንዳላማው፦ ግማሹን ልስጥዎት። እሱንም ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ለእኔ አይደለም የምትከፍለው፣ ለክዳኑ ነው። ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮው ካልተለወጠ ዝናቡ መቅደስ ይገባል።

እንዳላማው፦ ክዳኑማ ይሠራ፤ በእኔ ደም ግን አይሠራ። ሻንሲዋ በስብሷል።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ የቱ ጋ?

እንዳላማው፦ ባሳይዎትም አያውቁትም። እርስዎ ዳዊት ይደግማሉ፣ እኔ ሃያ ዓመት መሪ ይዣለሁ። ከሥር ገብቼ አየሁት አልኩ።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ እሺ፣ በስብሷል። ሌላስ?

እንዳላማው፦ ፍሪሲዮኗ አልቋል። ካምቢዮዋ ያጓራል። መሪዋን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ቆይ ላስብበት ይላል።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ይህን ሁሉ ግቢውን አንዴ ዞረህ አወቅኸው?

እንዳላማው፦ ለሚያውቅ ሰው አንድ ዙር ይበቃዋል። ለማያውቅማ ኢየሩሳሌም ደርሶ ቢመለስም ያው ነው።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆማ ከርማ ዛሬ በአንድ ቁልፍ ነው የተነሣችልህ።

እንዳላማው፦ ሊሞት የደረሰ በሽተኛም አንድ ቀን ቀና ብሎ ምግብ ይጠይቃል። ዘመድ ዳነ ብሎ ይደሰታል፤ በማግስቱ ድንኳን ይተከላል።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ጨው ነጋዴው አቶ ወልደሐና በኑዛዜ ለደብሩ እስኪሰጧት ድረስ አሥራ አምስት ዓመት ቆላ ወርደውባታል።

እንዳላማው፦ አቶ ወልደሐና ስለ ጨው ያውቁ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር። ስለ መኪና ግን የሚያውቁት ክላክሱን ነው።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ አንተም ሰኞ ቆላ ትወርዳለህ ሲሉ ሰማሁ። የሰሊጥ እርሻውን ሰዎች ልታመላልስ ፈርመህ፣ የምትነዳውን መኪና ባለቤቱ ወሰደብህ አሉ።

እንዳላማው፦ ቢወስድብኝስ? መኪና በከተማው ሞልቷል። ቸግሮኝ አይደለም እዚህ የመጣሁት።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ነውር ያየህባትን ለምን ትገዛታለህ?

እንዳላማው፦ ለደብሩ አዝኜ።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ እግዜር ይስጥህ። እስቲ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ምን ትሆናለች?

እንዳላማው፦ ፍሬኗ አይይዝ፣ ምን ትሆናለች? ገደል ትገባለች። ይቺ ሰው ትገድላለች፣ አባ። በሃያ ዓመት ልምዴ ነው የምልዎት።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ሰው ትገድላለች?

እንዳላማው፦ ትገድላለች።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ እንግዲያ አልሸጥልህም።

እንዳላማው፦ ምን አሉ?

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ሙሉውንም፣ እጥፉንም ብታመጣ አልሸጥልህም። የነፍስ ልጄን ገደል የሚከት ብረት አስረክቤ፣ በዚያው እጄ መስቀል ይዤ ሰው ላሳልም? ለሌላም ሰው አልሸጣትም። ማክሰኞ ቆራሌው ይመጣል፣ ፈታትቶ በኪሎ ይውሰዳት። አንዱን ቸርኬ አስቀርተን ደወል እናደርገዋለን፤ የድንጋዩ ደወል ተሰንጥቋል።

እንዳላማው፦ የዚችን መኪና ቸርኬ? አባ፣ ክዳኑስ?

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ያፍስስ። ከሰው ደም የክረምት ዝናብ ይሻለኛል።

እንዳላማው፦ እኔ እኮ… ፍሬኑን ትንሽ ሳላጋንነው አልቀረሁም።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ምን ያህል?

እንዳላማው፦ ይይዛል።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ የበሰበሰው ሻንሲስ?

እንዳላማው፦ ጭቃ ነው። ስጠርገው ደህና ነው።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ የሚያጓራው ካምቢዮስ?

እንዳላማው፦ እሱ… ያጓራው ከአጥሩ ማዶ የታሰረው በሬ ሊሆን ይችላል።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ ነበር። ያንተስ ለማደርም አልበቃ።

እንዳላማው፦ ገበያ ነው እኮ፣ አባ። የሚገዛ ሰው ማጣጣሉ አይቀርም። ማን የማያደርገው አለ?

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ከደላላ ጋር ያደርገዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፣ እንዳላማው። አንተ ስትነቀንቅ የዋልከው መኪናዋን አይደለም። ለመሆኑ ያ በከተማው የሞላው መኪና የት ነው?

እንዳላማው፦ የለም። ሦስት ሰው ደጅ ጠንቼ ማንም አላከራየኝም። ሰኞ ካልደረስኩ ውሉን ለሌላ ይሰጡታል። ገንዘቡንም ያገኘሁት ሚስቴ የአንገት ወርቋን ሸጣ ነው። ፈርቻለሁ፣ አባ።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ይህን ጠዋት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

እንዳላማው፦ መቸገሬን ካወቁ ዋጋ ይጨምሩብኛል ብዬ።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ እኔ? ልጆችህን ያጠመቅሁት? ሃያ ዓመት መንገድ ስታይ ኖረህ ሰው ማየት አልተማርክም።

እንዳላማው፦ አጥፍቻለሁ። ጠዋት የጠሩትን ሙሉውን እከፍላለሁ። መኪናዋ አንድ እንከን የላትም፤ በሃያ ዓመት ልምዴ እመሰክራለሁ።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ቅድም ገደል በከተተህ ልምድ?

እንዳላማው፦ ቀኖናዬን ይስጡኝ፣ እቀበላለሁ። ብቻ ቁልፉን ይስጡኝ።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ለቀኖናው እሑድ ትመጣለህ። ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበልህ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትነግረኝ ቆየህ እንጂ፣ አንዴ እንኳ «አባ፣ ምን ችግር አለባት?» ብለህ አልጠየቅኸኝም።

እንዳላማው፦ እርስዎን? ስለ መኪና?

ቄስ ልሳነወርቅ፦ «የናቁት…» የሚለውን ተረት ታውቀዋለህ። እዚህ ግቢ ስለሆንን ጨርሼ አልናገረውም።

እንዳላማው፦ እሺ፣ አባ። ምን ችግር አለባት?

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ከትልቁ ማርሽ አጠገብ ያለችውን አጭሯን ማርሽ ነካህ?

እንዳላማው፦ አልነካኋትም። እዚህ ሜዳ ላይ ፎር ዊል ምን ያደርግልኛል?

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ብትነካት ኖሮ ታውቅ ነበር። የፊት ጎማዎቿ አይስቡም፤ ከውስጥ የተሰበረ ነገር አለ። በመጨረሻው ዓመት አቶ ወልደሐና ወንዙን የተሻገሩት በጥንድ በሬ እየተጎተቱ ነው።

እንዳላማው፦ አራቱም ካልሳቡ እኮ እኔም ያን ወንዝ አልሻገርም። ሰኞ…

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው። መካኒክ አሳይቻታለሁ፤ ዕቃው አለኝ፣ ሁለት ቀን ይበቃኛል ብሏል። ዛሬውኑ ውሰዳት።

እንዳላማው፦ ለመካኒኩ የምከፍለውን ታዲያ ከዋጋው ላይ ይቀንሱልኝ። ይኼ እኮ የእውነት እንከን ነው፣ አባ። እርስዎው ነዎት የነገሩኝ።

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ቀንሼልሃለሁ።

እንዳላማው፦ መቼ?

ቄስ ልሳነወርቅ፦ ጠዋት። የነገርኩህ ዋጋ ከነሕመሟ ነበር።