ሙቅ ውሃ ስትደፉ

ከሰቆጣ ወደ ወልድያ በምንሄድበት ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ማተብ ያሰረች ሴት ጎኗ ያሉትን ሽማግሌ አወቀቻቸው።

«ሐጂ፣ ከጨርቅ ሱቅዎ ጀርባ ቪዲዮ ቤት አልነበረዎትም?»

«ነበረኝ። የማን ልጅ ነሽ?»

«አያውቁኝም። የጂኒውን ፊልም ግን እርስዎ ጋ ነው ያየሁት።»

«ሙሽራዋ ሙቅ ውሃ የምትደፋበትን?»

«እሱን! ቢስሚላህ ሳትል ደፍታ ጂኒዎቹን ስታቃጥላቸው።»

«ቤቱ ሙሉ ‹ቢስሚላህ በይ!› ብሎ ሲጮህባት ሱቅ ድረስ ይሰማኝ ነበር።»

«አብልጠን የምንጮኸው እኛ ክርስቲያኖቹ ነበርን። ትናንት በስልኬ ብቻዬን አየሁት፤ ምንም አላስፈራኝም።»

«እኔስ ፊልሙን ማሳየት ያቆምኩት አንዲት እናት ‹ልጄን ልታሰልማት ነው?› ብላ ስለመጣችብኝ ነው።»

«የኔ እናት ናት፣ ሐጂ። ውሃ ስደፋ ቢስሚላህ ስል ሰምታኝ ነው።»

«ወይ ጉድ! ዛሬም እንደተቀየመችኝ ናት?»

«አርፋለች። ግን ሲመሻሽባት፣ ሙቅ ውሃ ስትደፋ በስመ አብ ካለች በኋላ ቀስ ብላ ቢስሚላህ ትል ነበር።»

«እሷ? ለምን?»

«‹የትኛውን እንደሚሰሙ በምን አውቃለሁ፣ ልጄ› ትለኝ ነበር።»

«ነፍሷን ይማር» አሉ ሐጂ።

በመስኮት ልደፋው የከፈትኩትን የፔርሙዝ ሙቅ ውሃ መልሼ ከደንኩት።