ወተቱ ወደ ሆድ፣ ዱቄቱ ወደ ሳንባ

በእኛ ጊዜ፣ ሰላም፣ የሥራ ደኅንነት የሚባል ትምህርት አልነበረም፤ ወተት ነበር። አትሳቂ። ነገ እዚያ ጉዴሌ ሰፈር ያለው ማቅለሚያ ቤት ልትገቢ ነው አይደል፣ እዚያ ኮንቴይነር ውስጥ ሚዛን ፊት ልትቆሚ ነው አይደል፣ እንግዲያው ሳትገቢ ቁጭ በይና ስሚኝ። የምሳ ሰው ሄዷል፣ ልጄም ገበያ ወጥቷል፣ ሳህኑ ይቆይ፣ ማንም አይቆጣሽም። ከዚህ ሬስቶራንት እዚያ ደመወዙ ይሻላል አልሽኝ፣ እሺ ይሻላል። እኔ ግን የማውቀውን ልንገርሽ፣ ከዚያ ራስሽ ታውቂያለሽ።

ወደዚህ ወደ ጁባ ሳልመጣ፣ አገር ቤት እያለሁ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የምሠራው፣ ማቅለሚያ ላቦራቶሪ። ላቦራቶሪ ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ፣ ጨርቁ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቀለሙ በትንሹ የሚሞከርበት ክፍል ነው። ዱቄቱን ትመዝኛለሽ፣ በውኃ ትበጠብጫለሽ፣ ቁራጭ ጨርቅ ትነክሪያለሽ፣ ከዚያ ከናሙናው ጋር ታስተያያለሽ፤ ከደመቀ ትቀንሻለሽ፣ ከደበዘዘ ትጨምሪያለሽ። እና ያ ዱቄት፣ አየሽ፣ እንደ በርበሬ ዱቄት ቁጭ አይልም፣ ክዳኑን ስትከፍቺው ይነሣል። ቤትሽ ገብተሽ ስትናፈጪ መሐረቡ ሰማያዊ ነው፣ ቀይ በተሠራ ቀን ቀይ ነው። ታዲያ እኛ በዚያ እንሣሣቅ ነበር፤ «ዛሬ ምን ቀለም ተናፈጥሽ?» እንባባል ነበር። ዕውቀቱ ከሌለሽ ትስቂያለሽ፣ ምን ታደርጊያለሽ።

ወተቱ ረፋድ ላይ ይመጣል፣ በባልዲ። ፎርማናችን ሆዱን ነፍቶ በሩ ላይ ይቆምና «ጠጡ፣ ጠጡ፣ መርዙን ጠራርጎ ያወጣላችኋል» ይላል። ለአዲስ ሰው የሚሰጠው ትምህርት ምን ነበር መሰለሽ? «ይሄ ሚዛን ነው፣ ይሄ መምጠጫው ነው፣ ያ ወተት ነው።» በቃ፣ ተመረቅሽ። መምጠጫው ደግሞ የመስታወት ቀጭን ቧንቧ ነው፣ በአፋችን ነበር የምንስበው። የተሳሳተ ቀለሙን ይውጠዋል ወይም ይተፋዋል፣ በላዩ ወተቱን ይጠጣበታል።

እና አንድ ጊዜ ወተቱ ቀጠነ። ውኃ ጨመሩበት ተባለ፣ ሠራተኛው ተነሣ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ሰው እጁን እያወጣ «ወፍራም ወተት ይገባናል፣ ሕይወታችን ነው» አለ። አሸነፍን። ወተቱ ወፈረ፣ አጨበጨብን፣ አንዳንዱ እልል አለ። አቧራውን የሚስብ ማሽን ይተከልልን ያለ ሰው ግን አልነበረም፣ ሰላም። አንድም ሰው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ያን ሁሉ ጉልበት ለወተት ጨረስነው።

ጥሩነሽ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ሚዛኑ የእሷ ነበር፣ እኔ ናሙና አስተያይ ነበርኩ። ቀለም የሚታየው በቀን ብርሃን ስለሆነ እኔ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ፣ እሷ ጥግ ላይ፣ ዱቄቱ አጠገብ። ይህንን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ። ታዲያ ጥሩነሽ ጾመኛ ናት፣ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ሁዳዴ የለ፣ ነቢያት የለ፣ ሁሉንም ትጾማለች። እኔም እጾም ነበር፣ ጾመኞቹ ብዙ ነበርን። ድርሻችንን ለነከድር እንሰጣለን፣ እነሱ በረመዳን ለእኛ ይተዉልናል፣ በፍቅር ነበር።

ታዲያ ጥሩነሽ ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን። እሑድ ቤቷ ስትውል ይተዋታል፣ ሰኞ ሚዛኑ ፊት ስትቆም ደረቷ ያፏጫል። ሲሲሲ ይላል፣ እንዲህ፣ ሰማሽ? እየባሰ ሄደና ፎርማኑ ዘንድ ገባች። እሱ ምን አላት? እንደ እሱ ልበልልሽ፤ «እኔ ምን ላድርግሽ እህቴ? ፋብሪካው ወተት ያቀርባል። አንቺ ጾም ጾም ትያለሽ። ወተቱን ያልጠጣ በራሱ ፈርዷል።» በቃ፣ እንዲህ ብሎ ሸኛት። እና የሚገርምሽ ሁላችንም አመንነው። እኔም አመንኩት። ከሁሉ በላይ ያመነችው ራሷ ጥሩነሽ ነበረች።

ከዚያ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም መልካም ሰው ናቸው፣ «ለመድኃኒት ከሆነ ጠጪ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አሏት። በሁዳዴ ስትጠጣ አየኋት። ኩባያውን ይዛ እንባዋ ወተቱ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ዓይኗን ጨፍና ትውጠዋለች። ምን ለወጠ? ምንም። ፎርማኑ ታዲያ አፍ አያጣም፣ «ዘግይታ ጀመረች» አለ። ከዚያ ጤናሽ ለሥራው አይሆንም ተብላ ወጣች። ብዙም አልቆየች። ልጠይቃት ስሄድ ትራስ ደርድረውላት ቁጭ ብላ ነው የምትተነፍሰው፣ እጄን ያዘችና «ጸዳለ፣ ጾሜንም አጣሁ፣ ትንፋሼንም አጣሁ» አለችኝ። እንዲህ ብላ ሄደች። ጥፋተኛ እንደሆነች እያሰበች ሄደች።

እንግዲህ ያ አለፈ። ጡረታ ወጣሁ፣ ልጄ ጁባ ይህንን ሬስቶራንት ከፈተና «እማዬ ነይ» አለኝ፣ መጣሁ። መጥቼ ምን ልሥራ? ኮር ዊሊያም ሰፈር ቁጭ ብዬ የቦዳ ቦዳ ሞተር ጥሩምባ ልስማ? ታዲያ ያ ደረጀ፣ የነገው አለቃሽ፣ እዚህ ምሳ ሊበላ ይመጣ ነበር። ማቅለሚያ ቤት ከፍቻለሁ፣ ለሆቴሎች አንሶላ እናቀልማለን፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ደግሞ ጨርቅ እናወርዳለን አለ። እኔ የቀለም ሰው መሆኔን ልጄ ነገረው። «እትዬ ጸዳለ፣ ዓይንዎን ብቻ ይስጡኝ፣ ቁጭ ብለው ናሙና ያስተያዩልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። በእኔ ዕድሜ የሚፈልግሽ ሰው ሲገኝ ደስ ይልሻል።

ገባሁ። ላቦራቶሪው ኮንቴይነር ነው፣ አይተሽዋል። እኔ በሩ ላይ፣ ብርሃኑ ዘንድ ተቀመጥኩ። ውስጥ ጥግ ላይ ሚዛኑ ፊት ኛማል ናት። ኛማል እዚህ አገር ተወልዳ ጋምቤላ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የጠራ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። «ሐቦባ» ነው የምትለኝ፣ እንደዚህ አገር ሰው፣ አያቴ ማለቷ ነው። እና ረፋድ ላይ ምን መጣ መሰለሽ? ደረጀ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ፣ «እትዬ፣ እንደ አገር ቤት ፋብሪካ ወግ ነው፣ አባቴም የፋብሪካ ሰው ነበር፣ ሠራተኛዬን ያለ ወተት አላሠራም» አለኝ። ጥሩነሽን ቀብሬ፣ አገር ለቅቄ፣ ድንበር ተሻግሬ መጥቼ ያ ወተት ጁባ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

«ደረጀ» አልኩት፣ «ወተቱን ትፈልጋለህ ስጥ፣ ግን አቧራውን የሚስብ ነገር አስገባ። ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱን አስገባ።» «ማፊ ሙሽኪላ፣ እትዬ» አለ፣ ችግር የለም አለ። በማግስቱ ምን አመጣ? ማራገቢያ። ትልቅ፣ ባለ እግር ማራገቢያ። «ደረጀ፣ እኔ የሚስብ ነው ያልኩህ፣ ይሄ የሚነፋ ነው» ስለው «ያው ነፋስ ነፋስ ነው» አለኝ። እና ማራገቢያው ሚዛኑ ፊት ተተከለ። ኛማል ክዳኑን ስትከፍት ዱቄቱ ተነሥቶ ፊቷ ላይ። በሩ ላይ ሆኜ አየዋለሁ፣ ይታየኛል፣ ሰማያዊ ጉም ነው። አጥፊው እላታለሁ፣ «ሐቦባ፣ ይሄ ኮንቴይነር ምድጃ ነው፣ ሙቀቱ ይገድለናል» ትለኛለች። እሷም እውነቷን ነው፣ ታዲያ ምን ታድርግ?

ከደረጀ ጨርቅ የሚገዛ አንድ ድርጅት ነበረ፣ እነሱ ደግሞ ደኅንነት የሚያስተምር ልጅ ላኩ። ዕድሜው ኛማልን የሚያህል ልጅ ነው፣ ግን አስተማሪ ነበር፣ አልዋሽም። «መጀመሪያ አቧራውን ከተነሣበት ሳቡት፣ ማስክ የመጨረሻ መከላከያ ነው፣ ይህንን ማራገቢያ ደግሞ ዛሬውኑ አውጡት» አለ። ደረጀ አንገቱን ይነቀንቃል፣ «ኦፍ ኮርስ፣ ኦፍ ኮርስ» ይላል። ለዚያ ቀን ማስኮቹ ከቁም ሣጥን ወጡ፣ አድርገን ፎቶ ተነሣን፣ የሰዎቹ መኪና ሲሄድ ማስኮቹ ታጥፈው ተመለሱ፣ ተቆለፈባቸው። «ለሚቀጥለው ጉብኝት ንጹሕ ይሁኑ» አለ። ማራገቢያውም ወጥቶ ነበር፣ ተመልሶ ገባ። ትምህርታችን ያ ነበር።

ታዲያ ኛማል ወተት ትወዳለች። የራሷን ትጠጣለች፣ እኔ የጾምኩ ቀን የእኔንም «ሐቦባ፣ ለበኑን ስጪኝ» ብላ ትጠጣለች። ጠጪ እላታለሁ፣ ምን ይጎዳል ብዬ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰኞ ከውስጥ ያ ድምፅ መጣ። ሲሲሲ። ሰላም፣ ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ እለየዋለሁ፣ ናሙናው ከእጄ ወደቀ። ዞር ስል ሚዛኑን ተደግፋ ቆማለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ «ሐቦባ፣ ነፈስ ማፊ» አለችኝ፣ ትንፋሽ የለም አለችኝ። ደጋግፌ አወጣኋት፣ ቦዳ ቦዳ አስቆምኩ፣ እሷን መሐል አድርጌ ከኋላ አቅፌያት ክሊኒክ ሄድን። እኔ አሮጊቷ ሞተር ላይ። የጉዴሌ አቧራ አንድ ወገን፣ እሷ ደግሞ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ታቃስታለች።

ሐኪሙ እንደ ጭስ ያለ መድኃኒት የሚያስተነፍስ ነገር አፏ ላይ አደረገላትና ተረጋጋች። ደረጀ መጣ። መጥቶ እንዴት ነሽ አላላትም። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ምን ነበር? «ወተቷን ትጠጣ ነበር?» አለኝ።

«የእኔንም ጨምራ» አልኩት።

«ትጾማለች እንዴ?»

«ፕሮቴስታንት ናት። ጾም የላትም።»

ብታዪው፣ ምክንያት ፍለጋ ዓይኑ ክሊኒኩን ዞረ፣ ምክንያት አጣ። ሐኪሙ፣ የእኛው አገር ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ የተማረ፣ ግራ ገብቶት አየን። «ወተት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» አለ። «ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ ዱቄቱ የሚሄደው ወደ ሳንባ። የትም አይገናኙም። ሳንባዋ ይህንን ዱቄት ጠልቶታል፣ ከእንግዲህ ትንሿም ትቀሰቅስባታለች፣ ወደዚያ ቤት እንዳትመለስ።»

እኔ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደረጀ ለኛማል የማለቅስ መሰለው፣ «አይዞዎት እትዬ፣ ትድናለች» ይለኛል። ያለቀስኩት ለጥሩነሽም ነው። ያን ሁሉ ዘመን በራሷ ፈረደች ብዬ አምኜ ኖሬ። እኔን ያዳነኝ ወተቱ አልነበረም፣ እኔም እጾም ነበር እኮ፤ እኔን ያዳነኝ መስኮቱ ነው። ያዢልኝ ያልኩሽ ይህንን ነው። አየር የሚገባበት ቦታ ተቀምጬ ነበር፣ በቃ። ጥሩነሽ ምንም ጥፋት አልነበረባትም። ይህንን ማን ይንገራት አሁን? አንገቷን ደፍታ ነው የሄደችው።

ኛማል አለች፣ ቤቷ ናት። የጎረቤት ከሰል ጭስ ሲመጣባት በር ትዘጋለች፣ ያች ሳቂታ ልጅ መሣቅ ትፈራለች፣ ሳቁ ሳል ያመጣባታል። ደረጀ የመድኃኒቷን ይከፍላል፣ የሚያሳብብበት ስላጣ ነው፣ ሲከፍልም ያጉረመርማል። እኔ ሥራውን ያን ቀን ተውኩት። ማራገቢያው አሁንም እዚያው ነው። ሚዛኑ ደግሞ ሰው ይጠብቃል።

ታዲያ አንቺን ሲቀጥርሽ ምን ጠየቀሽ፣ ሰላም?

— ትምህርት የት ድረስ እንደተማርኩ ጠየቀኝ፣ እማማ።

ሌላስ?

— ሌላ... ጾመኛ ነሽ ወይ አለኝ።

ምን አልሽው?

— እጾማለሁ አልኩት። ረቡዕና ዓርብንም አልተውም አልኩት።

እሱስ?

— «በጣም ጥሩ» አለኝ። እኔማ ሃይማኖተኛ ሰው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሃ፣ ሃ፣ ሃ። ቆይ ልሳቅ። ቆይ፣ ዓይኔን ልጥረግ። ይኸውልሽ ተማረ፣ ሰላም። ሁላችንም አልተማርንም፣ ደረጀ ግን ተማረ። በኛማል ጊዜ ያጣውን ምክንያት ዘንድሮ አስቀድሞ ቀጠረው። ተነሽ፣ ሳህኑን አንሺ ልጄ፣ የእራት ሰው ይመጣል፤ ነገም እዚሁ ነሽ።

— እሺ፣ እማማ።