የዝንጀሮ አምባ ድንጋይና የአቶ መርስዔ ኀዘን አሳብ

ከባሕር ዳር ወደ ዋንዛዬ ሲሄዱ፣ ጣና ቁልቁል ከሚታይበት ከዝንጀሮ አምባ የመንግሥት ደን ጥግ፣ አቶ መርስዔ ኀዘን የሚባሉ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የደኑ ጠባቂ ሆነው አርጅተዋል፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ዛፎቹን ሳይዞሩ ውለው አያውቁም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ የሚመሽባቸው ቀን ብዙ ነበር።

አንድ ቀን ሲዞሩ የብረት ድምፅ ሰሙ። ዛፍ ቆራጭ መስሏቸው ዱላቸውን ጨብጠው ቢደርሱ፣ አንዲት ወጣት ሴት ከደኑ ጀርባ ካለው ራቁት ገደል ላይ ተቀምጣ በመዶሻ ድንጋይ ትሰብራለች። ጀሊላ ትባላለች፤ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ተምራ የማዕድን ባለሙያ ሆናለች።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ» አለች ብድግ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ? ይህ እኮ የመንግሥት ደን ነው።»

«ዛፍ አልነካሁም። እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ» ብላ ስባሪውን በውኃ አርሳ ሰጠቻቸው። አመድማ የነበረው ድንጋይ ሲርስ ቀይና ጥቁር ፈርጥ አወጣ። «ግራናይት ነው። ተቆርጦ ሲለሰልስ ለሕንፃ ወለልና ግድግዳ ጌጥ ይሆናል። እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም።»

«አይነካማ! ይህን ደን እኔና ባለቤቴ ውኃ በጀርባችን ተሸክመን ነው ያሳደግነው። ዛሬ ለድንጋዩ መንገድ ትጠርጋላችሁ፤ ነገ ዛፉን ትጥላላችሁ። ባለ ገንዘቡ ጭኖ ሲሄድ ለእኛ ጉድጓዱ ይቀራል።»

ጀሊላ አልተቆጣችም። ጉድጓድ ትተው የሄዱ ሰዎችን እሷም አይታለች።

«እውነትዎን ነው። ስለዚህም ውል ሳይጻፍ መነጋገር ያሻል። ድንጋዩ ያለው ዛፍ በሌለበት በኩል ነው፤ መንገዱም በጀርባ ሊወጣ ይችላል። ፈንጂ አያስፈልገውም፤ በሽቦ መጋዝ ይቆረጣል። የቆረጠውም ጉድጓዱን ደፍኖ፣ አፈሩን መልሶ፣ ችግኝ እንዲተክል ማስገደድ ይቻላል።»

«ማን ያስገድደዋል?»

«ያገሩ ሰው ነዋ።»

«የቱ ሰው?» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ሰለለ። «ባለቤቴ የሞተች ጊዜ የሚሸከማት ጎረምሳ ጠፍቶ፣ እኛው ሽማግሌዎች እየተንገዳገድን ቀበርናት። ጎረምሳው ሁሉ ሥራ ፍለጋ ወጥቷል። የእኔም ልጅ ቴዎ ከሄደ ወዲህ ድምፁን በስልክ ሰማሁ እንጂ ፊቱን አላየሁም።»

ጀሊላ መዶሻዋን አስቀመጠች። ከዚያም በዝግታ፣ «ታዲያ አባባ፣ እርስዎ ሲያልፉ ይህን ደን ማን ይጠብቀዋል?» አለቻቸው።

 አቶ መርስዔ ኀዘን ይህን ጥያቄ ከሰው አፍ ሰምተውት አያውቁም እንጂ ብቻቸውን ሲሸሹት ኖረዋል። ሠርቶ የሚያድርበት ያጣ ወጣት አገሩን ጥሎ ይሄዳል፤ ያልሄደውም ሲቸግረው ከሰል ለማክሰል መጥረቢያ ያነሣል። እሳቸው ዛፉን ከሰው ሲጠብቁ፣ የሚረከባቸው ሰው አልቆ ነበር።

የቀበሌው ሕዝብ ስለ ድንጋዩ ሊመክር በተሰበሰበ ዕለት ሁሉም እሳቸው ይቃወማሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ ተነሥተው «ድንጋዩ ይውጣ» አሉ። «ነገር ግን የሚቆርጠው የልጆቻችን ማኅበር ይሁን። አንድም ዛፍ አይውደቅ። የፊተኛው ጉድጓድ ሳይደፈን ሌላ አይከፈት።» ሕዝቡም ተስማማ፤ ውሉም በዚሁ ቃል ተጻፈ።

ዛሬ በዝንጀሮ አምባ ከስደት የተመለሱ ጎረምሶች ድንጋይ ይቆርጣሉ። ከትርፉ ለደኑ ጠባቂዎች ተቀጥረዋል፤ በተደፈነውም ጉድጓድ ላይ የወይራና የዋንዛ ችግኝ ጸድቋል። ተማሪ አጥቶ ሊዘጋ የነበረው ትምህርት ቤት ሕፃናት ይገቡበታል። ሀብትን ከልክሎ ማስቀመጥ ብቻውን ጥበቃ እንዳልሆነ፣ በሥርዓት የተያዘ ሥራ ግን አገርንም ደንንም እንደሚያቆይ ሰዉ በዓይኑ አየ።

በቅርቡ ጀሊላ ልትጎበኛቸው መጥታ፣ «ልጅዎስ መጣ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ሽማግሌው ከገደሉ በኩል ወደሚሰማው የወጣቶች ሳቅ ዞር ብለው ጥቂት አዳመጡ።

«የኔው አልመጣም» አሉ። «የሰው ልጆች ግን መጥተዋል።»