ቬንትሌተሩ በረት ገባ

ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ያለው ወዳጄ አብዲ የወተት ላሙ አንገት ላይ አንድ መሣሪያ አስሯል፤ ሙቀቷን እየለካ ስልኩ ላይ ይነግረዋል። ባለፈው የድሬ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ቤቱ ለበርጫ ብሄድ፣ የምንቅምበት ክፍል ውስጥ ቃሚውም የለ፣ ቬንትሌተሩም የለ። ለካ ሁሉም በረት ገብተዋል! ቬንትሌተሩ ላሟ ፊት ይሽከረከራል፤ አብዲ ጫቱን ይዞ ከጎኗ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሏል።

«አቦ፣ ምን ጉድ ነው?» አልኩት።

«ስልኩ ‹ላሟ ሙቀት በዝቶባታል፣ ቶሎ አቀዝቅዟት› ብሎ ጮኸብኝ። ዝም ልበላት?»

እኔም ጫማዬን አውልቄ ልገባ ስል፣ በሩ ላይ ፊታቸውን በካርቶን ቁራጭ የሚያራግቡት እናቱ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሞቀኝ ስል ይሄ ቬንትሌተር ከበርጫው ክፍል ወጥቶ አያውቅም። በአላህ ንገርልኝ፣ ያንን የላሟን ነገር ለኔም አንገቴ ላይ ይሰርልኝ።»