የአቶ ዘለቀ አንድ ዓይን

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ካቴድራሉ ውስጥ፤ ሰዓሊዋ ትርንጎ እና የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አቶ ዘለቀ፣ ምእመናኑ እዚሁ ካቴድራል ሲያስቀድሱ የሚያሳየውና ነገ የሚመረቀው ትልቅ ሥዕል ፊት ቆመዋል።

ዘለቀ፦ አላበዛሁብሽም። አንዷን ዓይኔን ብቻ መልሺልኝ።

ትርንጎ፦ ዓይንዎማ አለች፣ ጋሼ ዘለቀ። ጥላው ሸፍኗት ነው።

ዘለቀ፦ የሸፈናትን እንጃ፤ እኔ የማየው አንድ ዓይና ሰው ነው። ቀና ብለሽ ግድግዳውን እይ፤ ቅዱሳኑ በሙሉ ሁለት ዓይን አላቸው። በአንድ ዓይን የተሣለው ማነው?

ትርንጎ፦ ይሁዳ።

ዘለቀ፦ ሌላስ?

ትርንጎ፦ ሰይጣን።

ዘለቀ፦ ሦስተኛው እኔ። ነገ ከምርቃቱ በኋላ የሊቀመንበር ምርጫ አለ። ሕዝቡ ይህን አይቶ ነው እጁን የሚያወጣልኝ?

ትርንጎ፦ እሱ የጥንቱ አሣሣል ነው። እርስዎ ራስዎ «እንደ ፈረንጆቹ ካቴድራል ሥዕል ብርሃንና ጥላው ይለይ» ብለውኝ የለም እንዴ?

ዘለቀ፦ ብርሃኑ እኔ ላይ፣ ጥላው ሌላው ላይ እንዲሆን ነዋ። ይሄም ይነገራል?

ትርንጎ፦ ፀሐይ ትእዛዝ አትቀበልም። እርስዎ የሚቆሙበት ቦታ ብርሃን የለም።

ዘለቀ፦ አጠገቤ ይሄን የሚያህል መስኮት እያለ?

ትርንጎ፦ መስኮቱን የእርስዎ ፎቅ ጋርዶታል። እሱ ካለቀ ወዲህ በዚያ በኩል ጠዋትም በሻማ ነው የሚጸለየው።

ዘለቀ፦ ታዲያ ፎቁን ተዪው። ሳይሠራ እንደነበረው አርገሽ ሣዪው። ፎቁ የኔ፣ ዓይኑ የኔ፤ ማን ይከስሻል?

ትርንጎ፦ ቆመው የሰቀሉትን ቁጭ ብለው ሊያወርዱት?

ዘለቀ፦ በብሩሽ አይደለም እንዴ የምታወርጂው? ምን ይከብድሻል?

ትርንጎ፦ እሺ፣ አወረድኩት። ፎቁ ሲነሳ ግን ቀድሞ እዚያ የነበረው በመስኮቱ ይታያል።

ዘለቀ፦ ምን ነበር?

ትርንጎ፦ ረሱት? የአረጋውያኑ መጠለያ። እማሆይ ወለተ ጻድቅን ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ እሥላቸዋለሁ።

ዘለቀ፦ እሳቸው እንኳ በሰላም ነው የወጡት።

ትርንጎ፦ በሰላም ወጥተው አሁን ከካቴድራሉ በር ላይ ይለምናሉ። ነገም አይቀሩም። ሥዕሉ ፊት ቆመው ቤታቸውን ሲያዩ፣ ሕዝቡ መጀመሪያ እሳቸውን ያያል፤ ቀጥሎ እርስዎን። ያን ጊዜ ሁለቱም ዓይንዎ ቦግ ብሎ በርቷል። ቀለሙን ልበጥብጥ?

ዘለቀ፦ ቆይ እስኪ። እውነትና ንጋት እያደር ነው የሚጠራው፤ ከምርጫው በኋላ ይድረስልን። ይልቅ ጥላውን ገፋ አድርጊው። የቀረችውንም ዓይን ይሸፍናት።